ጨፌው ላይ የተከልነው

"ባዶ መሬት ነው" ያሉንን ቀን አልረሳውም። የቀበሌው የመሬት ኃላፊ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ፣ እስክሪብቶውን በጣቶቹ መሀል እያሽከረከረ፣ "እዚያ ቦታ ላይ እኮ ምንም የለም" አለን። እኔ፣ የእድራችን ዳኛና የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ሦስታችንም ወደ ቢሮው የገባነው ያንኑ "ምንም የሌለበትን" ቦታ አቋርጠን ነው። ጫማችን ጭቃ ተለውሶ ወለሉን አቆሽሸንበታል። አንዴ ሰውዬውን፣ አንዴ ጭቃዬን አያለሁ።

ቦታውን ጨፌ እንለዋለን። ከወሰን ሰፈር ወደ ተራራው በሚወጣው ኮረኮንች መንገድ ዳር፣ ከቤቶቻችን ጀርባ የተንጣለለ ረግረግ ነው። ከተራራው ሥር የሚፈልቀው ምንጭ እዚያ ሲደርስ መሄዱን ይተውና ይተኛል። በጋ ሆነ ክረምት ሣሩ አይጠወልግም፤ ቄጤማው ወገብ ይደርሳል። ዳር ዳሩን ያረጁ ወይራዎችና ጽዶች ቆመውበታል። ጠዋት ጋጋኖ የምንላቸው ወፎች እየተንጫጩ ይወርዱበታል፣ በክረምት ደግሞ የእንቁራሪቱ ጩኸት ሬዲዮ አያሰማም።

እኔ ያደግኩት ቀበና ወንዝ ዳር ነው። በልጅነቴ እናቴ ልብስ የምታጥብበት ወንዝ፣ እኔ ለትዳር ስደርስ አፍንጫ ተይዞ የሚታለፍ ሆኖ ነበር። ስለዚህ አግብቼ ወደዚህ ሰፈር ስመጣ፣ ገና ጨፌውን እንዳየሁ፣ "ይኼንንስ መቼ ነው የሚያበላሹት?" አልኩ። ባሌ ሳቀብኝ። "አንቺ ደስታ ደጅሽ ቢመጣ እንኳ መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ" አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ነገረኛ ነኝ። የእድሩ ጸሐፊ ያደረጉኝም ለዚሁ ይመስለኛል። እድራችን ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም፣ እንደ እኔ ያለው ጴንጤም ያለበት የሰፈር እድር ነው። ዳኛ ሲመረጥ ግን ክርክር ኖሮ አያውቅም። ዳኛችን መንገዱ ዳር ትንሽ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። ብዙ አይናገሩም፤ ከተናገሩ ግን ነገሩ አለቀ። የሱቃቸው ጀርባ ጨፌው ነው። ልጆቻቸው ዳዴ ያሉት እዚያ ሣር ላይ ነው፤ ባለቤታቸውም ታመው በነበረ ጊዜ ፀሐይ የሚሞቁት እዚያው ወይራው ሥር ነበር። እሳቸው ካረፉ በኋላ ሐጂ ሱቁን ዘግተው በርጩማቸውን ይዘው እዚያ ሲቀመጡ፣ ማንም ሄዶ አያናግራቸውም።

ጥሩምባ ነፊው ደግሞ የቀድሞው ጦር ሲበተን ሰፈራችን የገባ ወታደር ነው። አምሳ አለቃ እንለዋለን፤ የባሌ እኩያ ስለሆነ ከእኔ ጋር አንተ አንቺ እንባባላለን። የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ ልጅ ነው። ሰው ሲሞት ማለዳ ተነሥቶ በየመንደሩ ጥሩምባውን እየነፋ የሚያረዳን እሱ ነው። እኔን ከስሜ ይልቅ "ጴንጤዋ" ማለት ይቀናዋል።

እንግዲህ ከቀበሌው ቢሮ የተገኘነው በዋዜማው ጨፌው ውስጥ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች ተተክለው ስላደሩ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤት ሊሠራበት ነበር። ቤት አይሠራ አላልንም። የእድሩ አባላት ልጆች ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበው ዕጣ የሚጠብቁ ናቸው፤ የእኔም እኅት ተመዝግባለች። እኛ ያልነው ውኃ ላይ አይሁን ነው፤ ሌላ ስንት ደረቅ ቦታ እያለ።

"ረግረግ የሚባል ነገር እኛ ጋ የለም" አለ ኃላፊው። "መሬት ወይ ደን ነው፣ ወይ እርሻ ነው፣ ወይ ባዶ ነው።"

"ውኃውስ ታዲያ?" አሉት ሐጂ።

"ውኃ መሬት አይደለም፣ አባቴ።"

ሰውዬው ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ስንነሣ አዘነልን መሰለኝ፣ "ደን ቢሆን ኖሮ እኮ ማንም አይነካውም ነበር" አለን። ከቢሮው ወጥተን መንገድ ስንጀምር አምሳ አለቃ ቆም አለና፣ "ደን ነው የሚፈልጉት? ደን እናደርግላቸዋለና!" አለ።

የሚቀጥለው እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። ምን ይተከል የሚለው ብዙ አላከራከረም። አንድ ሰው ጽድ እንትከል ቢል አምሳ አለቃ፣ "ጽድ እስኪያድግ ኮንዶሚኒየሙ አርጅቶ ይፈርሳል" አለና አሳቀን። የተራራው ሥር ሰዎች ነን፤ ቤታችን የቆመው በባሕር ዛፍ ነው፣ ምድጃችን የሚነደው በባሕር ዛፍ ነው፣ ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነውም ቅጠሉን ነው። ዛፍ ሲባል ሌላ ነገር አይታየንም። የአምሳ አለቃ ዘመዶች ደግሞ እንጦጦ ላይ ችግኝ ያፈላሉ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ብቻ፣ "ባሕር ዛፍ ውኃ መጠጣት አያበዛም እንዴ?" አሉ።

"ጨፌው ሞልቶታል፣ ይጠጣ!" አላቸው አንዱ። ሳቅን። እኔም ስቄአለሁ።

ከዚያ ሐጂ ተነሡ። "ችግኝ ያልተከለ ሰው ቀብር እንደቀረ ይቆጠራል" አሉ። በእድር ውስጥ ከቀብር እንደመቅረት ያለ ነውር የለም፤ ሰው ሥራውን፣ ሠርጉን፣ ሕመሙን ትቶ ነው ቀብር የሚወጣው። እንዲህ ከተባለ በኋላ ማን ይቀራል? የክረምቱ መጀመሪያ ላይ ሰፈሩ በሙሉ ጨፌው ውስጥ ገባ። በምርኩዝ የሚሄዱ ነበሩ። የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ፣ "ዊኬንዳችንን በላችሁት" እያሉ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎችና የሐጂ መስጊድ ሰዎች አንዱ ሌላውን ከጭቃ እየጎተተ ያወጣ ነበር። ለየቤቱ አንድ አንድ መስመር ተሰጠ። ሐጂ የመጀመሪያውን ከወይራው ፊት ለፊት ተከሉ፤ አምሳ አለቃም፣ "ጴንጤዋ፣ የአንቺ መስመር ጠሟል፤ ጸልዪበት" አለኝ።

እንዴት እንዳደገ ልነግራችሁ አልችልም። ባሕር ዛፍ በደረቅ ኮረብታ ላይ እንኳ አያፍርም፤ ውኃ ውስጥ ሲተክሉት አበደ። በዓመቱ ቁመታችንን አለፈ፤ ትንሽ ቆይቶ ችካሎቹን ፈልጎ ማግኘት አቃተ። ቀበሌ ስንሄድ "ጉዳዩ እየተጠና ነው" ይሉናል፤ እኛም በየጊዜው እየሄድን የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ መጥቶ ረግረጉን ይይልን፣ ቦታው ይከለልልን እንላለን። ባለሙያ ይመጣል አሉን። ያሸነፍን መሰለን። እንግዳ ሲመጣ ሻይ ሳናቀርብ "ኑ ደናችንን እዩ" የምንል ሆንን።

በዚህ መሀል አንድ የፋሲካ ዋዜማ ማጭዴን ይዤ ቄጤማ ላጭድ ወረድኩ። ጎረቤቶቼ ለቤታቸው ሲጎዘጉዙ እኔም ማሽተቱን ስለምወድ አብሬ እጎዘጉዛለሁ። ያገኘሁት ግን በእጄ የማይሞላ፣ ጫፉ የቀላ ነገር ነው። ከብት በልቶት ነው አልኩ። ጎረቤቴ ዝናቡ አንሶ ነው አለች። ሌላው፣ ከላይ የተሠራው መንገድ ምንጩን ስቦት ነው አለ። በሚቀጥለው ክረምት እንቁራሪቶቹ አልጮኹም፤ ባሌ "ተመስገን፣ ዘንድሮ እንቅልፍ አገኘን" አለ። ሁሉም ለየራሱ አንድ ምክንያት ይዞ ተቀመጠ። እኔ ነገረኛዋ እንኳ ነገር አልፈለግኩም።

ባለሙያዎቹ የመጡት ከብዙ ምልልስ በኋላ፣ በጥር ነው። ከእነሱ መሀል ጥናቱን የምትመራው ወጣት ሴት ነበረች። ረግረግ ልታይ ስለመጣች እስከ ጉልበቷ የሚደርስ የዝናብ ቦቲ ተጫምታለች። እድሩ በሙሉ ወጥቶ ተቀበላት። ሐጂ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ከፊት ከፊት እየመሩ አስገቧት። ቦቲው ደረቁን ቅጠል ሲረግጥ ይንኮሻኮሻል። መሀል ስትደርስ ቆመች፤ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አየችው። አቧራ ነው ያለበት።

ባልደረባዋ በዶማ ጉድጓድ ቆፈረ። ክንድ የሚያህል ከወረደ በኋላም የሚወጣው ጥቁር ጓል ነው። ልጅቱ ጓሉን በእጇ ፈረፈረችው፤ ዱቄት ሆነ።

"ይኼን ባሕር ዛፍ የተከለው ማነው?" አለች።

"እኛ!" አልን ሁላችንም። እጃቸውን ያወጡ ነበሩ። አንዷ፣ "ያቺ መስመር የእኔ ናት" ብላ አሳየቻት። ሐጂ ፈገግ ብለው፣ "የእድሩ ሰው በሙሉ ነው የተከለው፤ አንድ ሰው አልቀረም" አሉ።

ልጅቱ ፊቷ ተለዋወጠ። እኛን አየችን፣ ዛፉን አየች፣ እንደገና እኛን አየችን። "አባቴ" አለች በቀስታ፣ "ውኃውን የጨረሰው እኮ ይኼ ዛፍ ነው። ይኼ አሁን ረግረግ አይደለም። ምን ብዬ ነው የምከላከልላችሁ? ነዋሪዎቹ አደረቁት ልበል?" ዓይኗ ውኃ አቅርሮ ነበር።

ያወጡትን እጅ ቀስ ብለው የሚያወርዱ ሰዎች አየሁ። እኔ የራሴን ዛፍ ተደገፍኩ። ደግሞ ደነገጥኩና ለቀቅኩት። ስንት ጊዜ ነው በአፋችን "እነእንትና እርሻቸውን በባሕር ዛፍ አደረቁት" ስንል የኖርነው! የምናውቀውን ነገር እኮ ነው የሠራነው። ማወቅ እንዲህ ሆኖ ከሰው ራስ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

የዚያን ሰሞን ሐጂ ሱቃቸውን አልከፈቱም። እድሩ ሲሰበሰብ መጥተው፣ "ዳኝነቱን ለሌላ ሰው ስጡልኝ" አሉ። ለምን ስንላቸው፣ "ጨፌውን የገደልኩት እኔ ነኝ። በቀብር አስፈራርቼ ነው ያስተከልኳችሁ" አሉ። አምሳ አለቃ ብድግ አለ። "ሐጂ፣ ማንም ማንንም አልገደለም! ዛፉ ከጠጣው ዛፉን እንቁረጠው፤ ውኃው ይመለሳል" አለ። ተስማማን። ምን እናድርግ? ሌላ የያዝነው ነገር አልነበረም።

በማግሥቱ ማለዳ የእድሩ ጥሩምባ ጮኸ። አምሳ አለቃ ሰው ለመቀስቀስ የሚያውቀው ሌላ ዘዴ የለውም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ "ማነው? ማነው?" እያሉ የሚወጡ እናቶች ደጁን ሞሉት። አንዷማ ከበሯ ጀምራ እያለቀሰች ነው የመጣችው። እሱም አፍሮ፣ "ማንም አልሞተም፤ መጥረቢያ ይዛችሁ ውጡ ነው" አለ። "ምነው እግዜር ይይልህ፣ ልቤን አወለቅኸው!" ብላ እዚያው እንባዋን ሳትጠርግ ሰደበችው።

ቆረጥን። በእጃችን የተከልነውን፣ በእንግዳ ፊት የተኩራራንበትን፣ በየመስመሩ ቆረጥን። ባሌ የእኛን ሲጥል እኔ ቅርንጫፉን እየመለመልኩ ነበር። ወይራዎቹንና ጽዶቹን ማንም እንዳይነካ ሐጂ ዛፎቹ ሥር ቆመው ይጠብቁ ነበር። ገና ሳንጨርስ የቀበሌው ደንብ አስከባሪዎች መጡ። "ዛፍ እየተጨፈጨፈ ነው የሚል ጥቆማ ደርሶናል" አሉ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ቀልድ አልነበረም። ሐጂን ይዘዋቸው ሄዱ። ለዛፍ ስንጮህ የኖርን ሰዎች ዛፍ ጨፍጫፊዎች ተብለን፣ ያን ሽማግሌ ተከትለን ቀበሌ ደጅ ላይ ተኮልኩለን ዋልን። ሲለቋቸው ያ የመሬት ኃላፊ እስከ በሩ ሸኛቸውና እኛን አይቶ፣ "ባዶ ነው ስላችሁ አላመናችሁኝም፤ አሁን እናንተው ባዶ አደረጋችሁት" አለን።

ክረምቱ እስኪያልፍ ብቻ ታገሡን፣ ውኃው ሲመለስ መጥታችሁ እዩ ብለን ለመንን። ጉቶዎቹ ከሥራቸው እፍኝ እፍኝ ቀንበጥ ያበቅሉ ጀመር፤ ሐጂ በየጠዋቱ እየሄዱ በጣታቸው ይቀነጥሱ ነበር። አቧራ ላይ ቁጭ ብለው፣ ከአንዱ ጉቶ ወደ ሌላው እየተሳቡ። "ይተዉት፣ እኛ እናደርገዋለን" ስላቸው አይሰሙኝም። ክረምቱ መጣ፤ ጨፌው እንደ ማንኛውም መንገድ ጭቃ ሆነና መስከረም ላይ ደረቀ። ምንጩ አልወጣም። በኅዳር ዶዘሩ ገባ። ወይራዎቹና ጽዶቹ የተገነደሱት በመጀመሪያው ቀን ነው። ሐጂ ያን ቀን ከቤታቸው አልወጡም። ደጃቸው ድረስ ሄጄ ሳላንኳኳ ተመለስኩ።

ዶዘሩ ከሄደ በኋላ ለመሠረት ትልልቅ ጉድጓድ ተቆፈረ። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ልሄድ፣ ታክሲ ለመያዝ ወደ ወሰን ስወርድ፣ አጥሩ በተከፈተበት በኩል አየት አደረግኩ። ጉድጓዱ ውስጥ ሰማይ ይታያል። ዝናብ ካቆመ ቆይቷል፣ ሰማዩ እንደ ብርሌ ጠርቷል፣ ጉድጓዶቹ ግን ወገባቸው ድረስ ውኃ ናቸው። ንጹሕ ውኃ! ሥራዬን ትቼ ወደ ላይ ሮጥኩ። እየጮኽኩ ነው የሐጂን ሱቅ የደረስኩት። "ሐጂ! ውኃው መጣ! ጨፌው መጣ!"

አንድ እግራቸው ጫማ ውስጥ፣ አንድ እግራቸው ነጠላ ጫማ ውስጥ ሆኖ ነው አብረውኝ የወረዱት። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርሱ ከዘራቸውን ተደግፈው ለረጅም ጊዜ አዩት። ቢጫ ቆብ ያደረገው የሥራው ኢንጂነር አይቶን መጣ።

"ልጄ" አሉት ሐጂ፣ "በአላህ ይዤሃለሁ፣ ይኼን ውኃ ለእነዚያ ባለሙያዎች አሳይልኝ። ሥራውን ትንሽ አቁምና ጥራቸው። ረግረግ ነው ስንል ነበር፤ ይኸው ተመለሰ።"

ኢንጂነሩ ግራ ገባው። "አባቴ፣ ውኃ መኖሩን እኮ ከመጀመሪያውም እናውቃለን። ቦታው ለሥራ ሲመረጥ፣ ያኔ ችካል ሲተከል፣ በጥልቀት ተቆፍሮ ታይቷል። ፓምፕ ይዘን የመጣነው ለዚህ አይደል?" አለና ወደ ጥጉ አሳየን። ፓምፑ ትልቅ ነው፤ ቱቦው አጥሩን ተሻግሮ መንገዳችን ላይ ወጥቷል።

ባዶ ነው ሲሉን፣ ጭቃችንን ወለላቸው ላይ ጥለን ስንለምናቸው፣ ያቺ ልጅ ዓይኗ እንባ ሲሞላ፣ ሐጂ በጣታቸው ቀንበጥ ሲቀነጥሱ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ውኃው መኖሩን የሚያውቅ ሰው ነበር።

ሐጂ ግን ሌላ ነገር ነው የያዛቸው። "እንግዲያው ያደረቅነው እኛ አይደለንም?" አሉ። ልጅ አባቱን እንደሚጠይቅ ነበር የጠየቁት።

"ኧረ አባቴ! ባሕር ዛፍ የላይ የላዩን ይጠጣ ይሆናል እንጂ፣ ይኼ ከተራራው ሥር የሚመጣ ነው፤ የት ይደርቃል!"

ደስ ይላቸዋል ብዬ ፊታቸውን አየሁ። ሸክሙ ከላያቸው ወረደ ብዬ። እሳቸው ግን ወይራዎቹ ቆመውበት ወደነበረው ወገን ዞሩ፤ አሁን የአሸዋ ክምር ነው። ከዚያም የእኛ ጉቶዎች ወደነበሩበት ዞሩ።

"ታዲያ እኛ ደናችን ላይ መጥረቢያውን ለምን አነሣን?" አሉኝ።

አንድ ሠራተኛ ፓምፑን አስነሣው፣ ከዚያ በኋላ ብንናገርም አንሰማማም ነበር። ክንዳቸውን ይዤ፣ ውኃው በሚወርድበት መንገድ፣ ወደ ቤታቸው አደረስኳቸው።